አርባ ግራም

«አምስት መቶ አርባ» አሉ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ።

እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ዕሽጉ ያምራላ! ቡናማ ካርቶን ነው፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ቋጠሮው ላይ የደረቀ አበባ የተሰካበት። ውስጡ በእጄ ሰፍቼ የጠረዝኩት አንድ ማስታወሻ ደብተር አለ። ወደ ሌላ አገር የምልከው የመጀመሪያ ትዕዛዜ ነበር። ማታውን ፎቶ አንስቼው ለማውቀው ሰው ሁሉ ልኬያለሁ።

ሴትዮዋ ሂሳቡን ነገሩኝ። ያልሰማሁ መስዬ አስደገምኳቸው። በደንብ ሰምቻለሁ። ገዢዋ ለመላኪያ ብላ ከከፈለችኝ እጥፍ ነው። የደብተሩን ትርፍ ብደርብበት እንኳ አይሸፍነውም።

«አምስት መቶ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሂሳቡ ሌላ ነበር» አሉና አበባውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ጉድ የሠራችሽ አርባዋ ናት፣ ልጄ።»

አርባ ግራም ማለት ስምንት የማተሚያ ወረቀት ነው። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እዚያ ቆሜ ሲባጎ መፍታት አፈርኩ። ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያወጣሁት የወጥ ቤቱን ሚዛን ነው። ሌላ ተመሳሳይ ደብተር ወስጄ ልክ እንደዚያው ጠቀለልኩት። ከዚያ መልሼ አንድ በአንድ እየፈታሁ መዘንኩ። ደብተሩ 410 ግራም። ካርቶኑ 95። ያ ሲጫኑት ጧ ጧ የሚለው ባለ አረፋ ላስቲክ 15። ስስ ወረቀቱ፣ ሲባጎውና አበባው አንድ ላይ 12። «ስላዘዙ አመሰግናለሁ» የሚለው ካርድ 8። ሲደመር ያው 540።

ከዚህ ውስጥ 130 ግራሙ ዕቃ አይደለም። ጌጥና ፍርሃት ነው። ጌጡ አበባው ነው። ፍርሃቱ ካርቶኑና ላስቲኩ፤ «ቢሰበርስ» ብዬ ነው። ደብተር እኮ አይሰበርም! ጥግ ጥጉ ሊጨፈለቅ ይችላል፣ ውሃ ሊነካው ይችላል። ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ግን እንደ ብርጭቆ ነበር የጠቀለልኩት።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። የክሩን፣ የሙጫውን፣ የሽፋን ጨርቁን ዋጋ እስከ ሳንቲም አውቀዋለሁ። አንዱን ደብተር ለመስፋት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ በስልኬ ለክቻለሁ። የመላኪያውን ግን በግምት ነው የጻፍኩት። ሌሎች ሻጮች ስንት እንደሚሉ አየሁና እኔም ያንኑ አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው? እነሱ የሚሸጡት የጆሮ ጌጥ ነው። በኤንቬሎፕ የሚሄድ። እኔ የምሸጠው ወረቀት ነው። ወረቀት ከባድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ይዞ ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል።

በዚያ ሰሞን መላኪያ ከሽያጩ በኋላ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ዕቃ ሠራሁ፣ ሸጥኩ፣ ከዚያ «ይላካል»። አሁን እንደዚያ አላስብም። ሩቅ ላለ ሰው ደብተር ስሸጥ የምሸጥለት ሁለት ነገር ነው፦ ደብተሩንና መድረሱን። አንዱን እስከ ሳንቲም አስልቼ ሌላውን በግምት ብተወው፣ የማተርፈውም በግምት ነው።

ወደ ግራሙ ልመለስ። የፖስታ ዋጋ እንደ ውሃ ቆጣሪ ትንሽ ትንሽ እያለ አይደለም የሚወጣው። ደረጃ ነው። አንዱን ደረጃ በአንድ ግራም ካለፍክ የሚቀጥለውን ሙሉውን ትከፍላለህ። 501 ግራምና 990 ግራም ብዙ ቦታ አንድ ዋጋ ናቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እንዴት ላቅለው» ብቻ አይደለም። «የቱ ደረጃ ላይ ነኝ? ጫፉ ላይ ነኝ ወይስ መሀል?» ነው። ከጫፉ ትንሽ ካለፍኩ እቀንሳለሁ። መሀል ላይ ከሆንኩ ግን ግራም ለመቆጠብ መልፋቱ ከንቱ ነው። እንዲያውም በዚያው ዋጋ አንድ ነገር መጨመር ይቻላል።

እኔ ጫፉ ላይ ነበርኩ። በካርቶኑ ፋንታ 45 ግራም የሚመዝን ጠንካራ የወረቀት ኤንቬሎፕ አመጣሁ። ላስቲኩን ተውኩት። ደብተሩን ውሃ እንዳይነካው ስስ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባሁ፤ እሱ 4 ግራም ነው። ካርዱን አላወጣሁትም። ስምንት ግራም ነው፣ ሰውም ይወደዋል። ድምሩ 467 መጣ። አበባው አሁን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

አንድ ነገር በመሀል ልንገራችሁ። አንዴ ዝናብ ሲዘንብ በሰነበተበት ወቅት ሁለት ደብተር አንድ ላይ ጠቅልዬ ቤት ስመዝነው 994 ግራም ነበር። ፖስታ ቤት ስደርስ 1,006። ሚዛናቸው የተበላሸ መስሎኝ ተከራከርኩ። ኋላ ነው የገባኝ። ወረቀትና ካርቶን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣሉ። ማታ መዝኜ፣ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ተሸክሜው ሄድኩ። በዚያ ላይ የወጥ ቤት ሚዛን እንዲህ ላለ ሥራ አይታመንም። ከዚያ ወዲህ ከጫፉ ቢያንስ 20 ግራም ርቄ ነው የምቆመው። ሴትዮዋንም ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ሩቅ ስለሆነ ነው የተወደደው» እንላለን። እኔም እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። ሮውላንድ ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ግን ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1837 ቁጭ ብሎ አስልቶታል። በዚያ ዘመን በብሪታንያ የደብዳቤ ዋጋ በርቀትና በቅጠሉ ብዛት ነበር የሚቆጠረው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለውም ተቀባዩ ነው። ሁለት ቅጠል ከሆነ እጥፍ። ሰዉ ወረቀት ለመቆጠብ ገጹን ጽፎ ሲጨርስ አዙሮ በጻፈው ላይ በአግድም ይጽፍበት ነበር። (እኔ 8 ግራም ካርድ ላስቀር አላስቀር ስል ያመሸሁት ሰውዬዎቹን ሳስብ ቀለለኝ።)

ሂል አንድ ደብዳቤ ከለንደን ኤድንብራ ለማድረስ ጉዞው ብቻ ስንት ያስወጣል ብሎ ሲያሰላ የአንድ ፔኒ 36ኛ እጅ ሆኖ አገኘው። ምንም ማለት ነው። ገንዘቡን የሚበላው መንገዱ ሳይሆን የሰው እጅ ነበር፦ መቀበሉ፣ መመዝገቡ፣ በየበሩ እየሄዱ ሂሳብ መሰብሰቡ። በ1840 ሐሳቡ ሥራ ላይ ዋለ። በአገሪቱ ውስጥ የትም ይሂድ የት፣ እስከ ግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) የሚመዝን ደብዳቤ አንድ ፔኒ ሆነ፤ ላኪው አስቀድሞ ይከፍላል፤ ለዚህም ሙጫ ያለው ቴምብር መጣ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ዕሽጌን የማየው በሌላ ዓይን ነው። እርግጥ አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ኪሎው ያስከፍላል። ግን ከዋጋው ትልቅ ድርሻ የእጅ ነው። አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ይለያል፣ አንዱ ይጭናል፣ የመጨረሻው ደረጃ ወጥቶ በር ያንኳኳል። ያ የመጨረሻው ሰው አንድ ደብተር ቢይዝ ሦስት ቢይዝ ድካሙ ያው ነው። በር አንዴ ነው የሚያንኳኳው።

ከዚህ ተነስቼ ነው ከ«ነጻ መላኪያ» ጋር የተጣላሁት።

ነጻ መላኪያ የሚሉት ነገር ለትልልቆቹ ይሆናል። በቀን ብዙ ሺህ ዕሽግ የሚልክ ድርጅት ከአጓጓዡ ጋር ተደራድሮ ዋጋ ያስቀንሳል፤ የቀረውን ከሌላ ቦታ ያካክሰዋል። እኔ በሳምንት ስድስት ሰባት ዕሽግ የምልከው ሰው ከማን ጋር ነው የምደራደረው? ግን ገዢው ለምዷል። መላኪያ የሚባል መስመር ሲያይ ይሸሻል። እኔም ሸሽቻለሁ፤ ገዢ ስሆን ያው ነኝ።

እናም አንድ ሰሞን ሞከርኩት። መላኪያውን በደብተሩ ዋጋ ውስጥ ደበቅሁና «መላኪያ ነጻ» ብዬ ለጠፍኩ። ትዕዛዝ ጨመረ። ደስ አለኝ። ሁለት ወር ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ አንዲት ሴት ሦስት ደብተር አዘዘች። ስታዝዝ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሦስት ስወስድ ምንም ቅናሽ የለውም?» ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ለምሳሌ ለአንድ ደብተር መላኪያው አሥር ነው እንበል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሄዱ አሥራ ስድስት ነው እንጂ ሠላሳ አይሆንም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ውስጥ አሥር አሥር ደብቄያለሁ። ብዙ ስለገዛችኝ አሥራ አራት ቀጥቻታለሁ ማለት ነው። ከአፍንጫዬ ሥር ያለው ሰፈር የሚኖረው ገዢ ደግሞ ሳያውቀው የዓለም ዳርቻ ላለው ሰው ይከፍልለታል። የምወዳቸውን ገዢዎች ነው የምበላው። እሱም ሳያንስ ለሩቁ አሁንም አይበቃም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ለሴትዮዋ የበለጠውን መለስኩላትና ነጻ የሚለውን አነሳሁ። አሁን መላኪያው ለብቻው ተጽፎ ይታያል። የመጀመሪያው ደብተር ሙሉውን ይከፍላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚጨምሩትን ብቻ ይከፍላሉ። ከዋጋው በታችም አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሁለት ቢያዝዙ ለመላኪያ የሚጨምሩት ትንሽ ነው፤ ጓደኛዎን ይጠይቁ።» ይቺ «ጓደኛዎን ይጠይቁ» ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ የበለጠ ሠርታልኛለች። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ሰው ብልጥ ሆኖ መግዛት ስለሚወድ ይሆናል።

አንድ ስህተት ግን ገና አላረምኩም። የምሸጥበት የኢንተርኔት መድረክ ኮሚሽኑን የሚቆርጠው ከዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ገዢው ለመላኪያ ከከፈለውም ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እና ፖስታ ቤት የከፈልኩትን ልክ ያንኑ ባስከፍል እንኳ በእያንዳንዱ ዕሽግ ትንሽ ትንሽ እከስራለሁ። በመላኪያው ላይ ልጨምረው ወይስ በደብተሩ? አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ስለ መጠንም ላውራ፤ እዚህ ላይ የከሰረችው ጓደኛዬ ናት። የሱፍ ኮፍያ ትሠራለች። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ቀላል ነው» እላት ነበር። አንድ ቀን 800 ግራም የማይሞላ ዕሽግ በፈጣን አጓጓዥ ልትልክ ሄዳ የሦስት ኪሎ አስከፈሏት። ተጭበረበርኩ ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። አልተጭበረበረችም። ብዙዎቹ ፈጣን አጓጓዦች ሁለት ዓይነት ኪሎ ነው የሚያዩት፤ የሚዛኑንና የቦታውን። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር ያባዙና ለ5,000 ያካፍሉታል። ከሁለቱ የበለጠውን ያስከፍላሉ። የእሷ ካርቶን 30 በ25 በ20 ነበር። ይባዛና 15,000፤ ሲካፈል ሦስት ኪሎ። አውሮፕላኑ ውስጥ አየር ነበር የላከችው።

ኮፍያዎቹን አጣጥፈን አየሩን ጨምቀን አወጣንና 25 በ20 በ10 የሆነ ካርቶን ውስጥ አስገባናቸው። አንድ ኪሎ ሆነ። ሱፍ ደግሞ አይቀየምም። ሲፈታ ተመልሶ ይነፋል። መደበኛው ፖስታ ቤት ትንንሽ ጥቅልን ባብዛኛው በክብደቱ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ለእሷ እሱ ይሻላታል፣ ለቸኮለ ገዢ ካልሆነ በቀር። ግን እሱም ወሰን አለው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ትንሽ ጥቅል ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ሦስቱ ጎኖቹ ተደምረው ከ90 ሴንቲሜትር፣ ረጅሙ ጎን ብቻውን ከ60 መብለጥ የለበትም። እነዚህን ቁጥሮች ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ካርቶን ካነሳን፦ አሮጌ ካርቶን መልሶ መጠቀም ደግ ነገር ነው። እኔም አደርገዋለሁ። ግን የድሮውን ባርኮድ ሳትሸፍኑ እንዳትልኩ። አንዴ ረስቼው ዕሽጌ ከሦስት ሳምንት በኋላ እኔው በር ላይ መጣ። ማሽኑ ያነበበው የኔን አድራሻ ሳይሆን የድሮውን ባርኮድ ነው መሰለኝ። ሁለቴ ከፈልኩ።

ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሌላ ጥያቄ አለ። «ከሩቅ አገር የታዘዘ ትንሽ ዕቃ እንደዚያ በርካሽ ሲመጣ፣ የኔ ሲሄድ ለምን ይወደዳል?» ይሄ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ 22 አገሮች ተሰብስበው ዛሬ የዓለም ፖስታ ኅብረት የምንለውን መሠረቱ። ያኔ ስምምነቱ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አገር የሰበሰበውን የቴምብር ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፤ የሌላውን ደብዳቤ ግን በነጻ ያድላል። ለምን? ደብዳቤ መልስ አለው። አንዱ ከሄደ አንዱ ይመጣል፣ ሂሳቡ ይቻቻላል።

ማስታወሻ ደብተር ግን መልስ አይጽፍም። ዕቃ በአንድ ወገን ብቻ ይፈስሳል። ብዙ የሚቀበለው አገር በነጻ ማደሉ ከበደው። በ1969 በቶኪዮ ጉባኤ ተቀባዩ አገር እንዲከፈለው ተስማሙ። ዋጋው ግን ለረጅም ጊዜ ለአንዳንዱ ላኪ አገር ዝቅ ያለ ነበር፤ ያ ርካሽ ዕቃ የመጣው በከፊል በዚያ ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መስከረም ላይ ጄኔቫ ውስጥ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠርቶ ተቀባይ አገሮች ለትንንሽ ጥቅል የሚያስከፍሉትን ራሳቸው ከፍ እያደረጉ እንዲወስኑ በር ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ሲጨምር ሴትዮዋን መቆጣት ትቻለሁ። እሳቸው ጄኔቫ አልነበሩም።

ጉምሩክን ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ዕሽግ አስከፍሎኛል። ገዢው ደጁ ላይ ቀረጥ ክፈል ሲባል አልከፍልም አለ። ዕሽጉ ተመለሰ፤ መመለሻውም በኔ ተቆጠረ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እኔ አልነገርኩትም። ቀረጡ ብቻ ሳይሆን አጓጓዡ ቀረጡን ስለሰበሰበበት የሚጠይቀው ክፍያም አለ፤ አንዳንዴ ከቀረጡ ይበልጣል። ሕጉ ደግሞ ይቀያየራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት አንስቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ የሚገባውን ነገር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አቁማለች። ስለዚህ አሁን ከመሸጤ በፊት ነው የምናገረው፦ «አገርዎ ሲገባ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ እኔ የምሰበስበው አይደለም።» ትዕዛዝ ያስቀርብኛል? አዎ፣ አንዳንዴ። የተመለሰ ዕሽግ ግን ከቀረ ትዕዛዝ ይብሳል።

ቀረጥ እንዲቀር «ስጦታ ብለሽ፣ ዋጋውንም ቀንሰሽ ጻፊው» የሚሉኝም አሉ። አልጽፍም። ውሸት ነው፣ በዚያ ላይ ቢጠፋ ካሳ የሚታሰበው በጻፍኩት ዋጋ ነው። በቅጹ ላይ የምጽፈው ግልጽ ነው፦ «ማስታወሻ ደብተር፣ ወረቀት፣ አንድ»፣ ከዋጋውና ከጉምሩክ መለያ ቁጥሩ ጋር። የደብተር ቁጥሩ 4820 ብሎ ይጀምራል። «ዕቃ» ወይም «የእጅ ሥራ» ብሎ መጻፍ ዕሽጉን ለማስከፈት መጋበዝ ነው።

መከታተያ ቁጥርስ? ልብን ያሳርፋል፣ ዋጋውን ግን ከፍ ያደርገዋል። እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ። ለአንድ ቀጭን ደብተር ምርጫውን ለገዢው ትቻለሁ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ያለ መከታተያ አልልክም። ከእያንዳንዱ ዕሽግ ላይ ደግሞ ትንሽ ሳንቲም ለብቻዋ በአንዲት ቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። እስካሁን የጠፉብኝ ሦስት ናቸው። ሦስቱንም ከቆርቆሮዋ አውጥቼ ሳልከራከር ተክቻለሁ።

ቀጭን ደብተር አልኩ አይደል? እሱ የመጣው ከዚሁ ነገር ነው። አንድ ቀን ነገሩን ገለበጥኩት። ደብተር ሠርቼ ኤንቬሎፕ ከምፈልግለት፣ ኤንቬሎፑን አይቼ ደብተር ብሠራስ? ጠፍጣፋ ነገር ብዙ ቦታ ከዕሽግ ረክሶ ይሄዳል። ወረቀት ደግሞ ለስሌት ይመቻል። ኤ5 የሚባለው መጠን ከአንድ ካሬ ሜትር 32ኛው ነው። ባለ 80 ግራሙ ወረቀት በዚህ መጠን አንዱ ቅጠል ሁለት ግራም ተኩል ይመዝናል። 48 ቅጠል 120 ግራም። ጠንካራውን ሽፋን ትቼ በለስላሳ ጨርቅ ሸፈንኩት፤ ሁሉም ነገር ተደምሮ 150 ግራም ሆነ። ውፍረቱ ከአንድ ጣት ያንሳል። በበር ቀዳዳ ይገባል፤ ሰው ቤት ባይኖርም አይመለስም።

በፖስታ ቤት ልክ የተሠራ ደብተር በመሆኑ መጀመሪያ አፍሬበት ነበር። እጅ ሥራ የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ኩራት አለበት። አሁን ከሁሉ በላይ የሚሸጥልኝ እሱ ነው።

ከኔ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ቨርናል በምትባል ከተማ የባንክ ሕንፃ ሊሠራ ነበር። ጡቡ ያለው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በጭነት ማስመጣቱ ውድ ሆነ። አሠሪው የዋጋውን ሠንጠረዥ ቢያይ በፖስታ ዕሽግ መላኩ ይረክሳል። እናም ወደ 80,000 የሚሆን ጡብ ሃምሳ ሃምሳ ፓውንድ (23 ኪሎ ገደማ) እያደረጉ እየጠቀለሉ በፖስታ ላኩት። አድራሻ ተጽፎበት! ሕንፃው ተሠራ። ፖስታ ቤቱም ነገሩ ገብቶት አንድ ሰው በቀን ለአንድ ተቀባይ ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ ደንብ አወጣ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ስሰለች እኚያን ሠራተኞች አስባለሁ። ጡብ ሲመዝኑ።

ባለፈው ወር ከሩቅ አገር አንዲት ሴት አንድ ትልቁን ደብተር አዘዘች። መላኪያው ከደብተሩ ይበልጣል። ዝም ብዬ ብልክላት ትከፍል ነበር። ግን ጻፍኩላት፦ «ለአንድ ደብተር ይህን ያህል መክፈልዎ ለኔም ያሳዝነኛል። የሚጋራዎት ሰው ካለ ልጠብቅ።» ሦስት ሳምንት ድምጿ ጠፋ። ተውኩት። ከዚያ በአንድ ቀን አምስት አዘዘች፤ ለሥራ ባልደረቦቿ ጭምር።

ሚዛኑን አወጣሁ። አምስት ጊዜ 410፣ 2,050። ካርቶኑን ሳልጨምር ከ2 ኪሎ አለፈ። ለሁለት ዕሽግ ባካፍለው ሁለት በር ማንኳኳት ነው። እንደገና ጻፍኩላት፦ «አምስተኛው ቀጭኑ ቢሆን ሁሉም በአንድ ዕሽግ ይሄዳል፣ የዋጋውንም ልዩነት እመልስልዎታለሁ።» በደቂቃ መለሰች። «ቀጭኗ ለኔ ትሁን። ቦርሳዬ ውስጥ የምትገባ ነበር የምፈልገው።»

አራቱ 1,640። ቀጭኗ 150። ካርቶኑ ከነፕላስተሩ 135። ካርዱ 8። ዓርብ ጠዋት ይዤው ሄድኩ።

«ዛሬ አበባ የለም?» አሉ ሴትዮዋ።

«የለም።»

ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። 1,934። ካሰብኩት በአንድ ግራም ይበልጣል። መዳፋቸውን በካርቶኑ ላይ አሳርፈው፣ ሳያነሱት፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ስልሳ ስድስት ግራም ይቀርሻል እኮ» አሉ።